በገዛ እጇ የተናገረችው

ሎቪና ሃስኬል እስከ ዘጠኝ ዓመቷ ድረስ ትሰማ ነበር። ከዚያ ቀይ ትኩሳት ያዛትና፣ ትኩሳቱ ሲለቃት ጆሮዋን ይዞ ሄደ። ድምጿን ግን ተወላት።

ኦሃዮ ውስጥ ወዳለው መስማት የተሳናቸው አዳሪ ትምህርት ቤት ሲወስዷት፣ ገና በሩ ላይ «አመሰግናለሁ» ስትል የሰማት ዳይሬክተር የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንግዳ በመጣ ቁጥር የምትጠራው እሷ ሆነች። መድረክ ላይ ቆማ «አባታችን ሆይ»ን ትደግማለች፤ ሴቶቹ መሐረባቸውን ያወጣሉ፣ ወንዶቹ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ስትጨርስ ብርቱካን ይሰጧታል። ከኋላዋ የተደረደሩት ልጆች ምንም አይሰጣቸውም።

ከኋላ ከሚቆሙት አንዷ ኦጉስታ ሬም ነበረች። አባቷ ከጀርመን የመጣ በርሜል ሠሪ ነው። እሷ ከተወለደች ጀምሮ ድምፅ የሚባል ነገር አታውቅም። መናገር ሊያስተምሯት ሞክረው ሞክረው፣ ጣታቸውን አፏ ውስጥ ከተው ምላሷን እስከ መጫን ደርሰው፣ በመጨረሻ ከጉሮሮዋ የወጣው ነገር መስኮት ላይ የተኛችውን ድመት አስበርግጎ ሲያባርራት ተዉት። ይህን ታሪክ የምታወራው ራሷ ኦጉስታ ናት፤ አንዴ መምህሩን፣ አንዴ ድመቷን እየሆነች። እጇ መንቀሳቀስ ሲጀምር የሚበላው መብላቱን ያቆማል፣ የሚሰፋው መርፌውን ያስቀምጣል። ሎቪና የምልክት ቋንቋ የተማረችው ከእሷ ነው። ጆሮዋን ካጣች በኋላ መጀመሪያ የሳቀችውም በእሷ ነው።

ዋሽንግተን ያለው ኮሌጅ መስማት የተሳናቸውን ወንዶች ማስተማር ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሴት ግን አያስገባም ነበር። እነ ሎቪና ትምህርታቸውን ሊጨርሱ በተቃረቡበት ዓመት «ለሙከራ ያህል ጥቂት ሴቶች እንቀበላለን» የሚል ወሬ መጣ። ሁለቱም ተፈተኑ፤ ሁለቱም አለፉ። ኦጉስታ በሒሳብ ከወንዶቹም በላይ ነበረች።

የሎቪና አባት ኤሞስ ሃስኬል ጡብ በምድጃ እያበሰለ የሚኖር ሰው ነው። ወሬውን ስትነግረው ከምድጃው ዞር አለና ፊቷን እያየ፣ ከንፈሩን እንድታነብ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ኮሌጅ? የኛ ቄስ እንኳን ኮሌጅ አልገባም።»

«ስላልገባ ነው ስብከቱ የሚያስተኛችሁ» አለችው በድምጿ።

«አንቺ ደግሞ ስብከቱን በምን ሰማሽው?»

«እናንተ ስታዛጉ አያለኋ።»

ኤሞስ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ምድጃው ተመለሰ። በማግስቱ የጉዞ ሣጥን ገዝቶ መጣ።

ዋሽንግተን ሲደርሱ ስድስት ሴቶች ሆኑ። ማደሪያ ስላልተሠራላቸው የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ዶክተር ዊትኮም የገዛ ቤታቸውን ሰገነት ለቀቁላቸው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ረዣዥሞቹ ጎንበስ ብለው ነው ልብስ የሚለብሱት። ዶክተሩ ጆሯቸው ይሰማል፤ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ከእኛ መስማት ከተሳነን ጋር ስለኖሩ ግን ምልክታቸው ያምራል። ደግ ሰው ናቸው። ደግነታቸው ግን ለማንም እንቢ ማለት አያስችላቸውም።

ወንዶቹ የተቀበሏቸው በፌዝ ነው። የሦስተኛ ዓመት ተማሪና የክርክር ማኅበሩ ሊቀመንበር የሆነው ማርከስ ዴል፣ በመጀመሪያው ቀን በመመገቢያ አዳራሹ መተላለፊያ ላይ ቆሞ፣ ሁሉም እንዲያየው እጁን ከፍ አድርጎ፣

«ኮሌጃችን የስፌት ክፍል ከፈተ እንዴ?» አለ።

«አዎ» አለች ኦጉስታ። «መጀመሪያ ሁለት እጅህን አንድ ላይ እንሰፋቸዋለን። ዝም እንድትል።»

አዳራሹ በእግር ድብደባ ተናወጠ። እኛ ስናደንቅ ወለል እንደበድባለን፤ ጭብጨባን ማን ይሰማዋል። ማርከስም ራሱ ሳቀ። የክርክር ማኅበሩ በር ግን ለሴቶቹ እንደተዘጋ ቀረ። ቤተ መጻሕፍት ለመሄድ እንኳን የሴቶቹ ተቆጣጣሪ ወይዘሮ ግሪሊ ቦርሳዋን ይዛ ልትከተላቸው ይገባ ነበር።

ያ ዘመን ክፉ ነበር። ከባሕር ማዶ የተሰበሰቡ መምህራን «መስማት የተሳነው በአፉ ብቻ ይማር፤ ምልክት ከትምህርት ቤት ይውጣ» ብለው ከወሰኑ ወዲህ፣ ነፋሱ ወደ አሜሪካም ተሻግሮ ነበር። በየትምህርት ቤቱ ሕፃናት እጃቸው ከኋላቸው ይታሰራል። ከእኛው ወገን የሆኑ መምህራን «ድምፅ የላችሁም» እየተባሉ ይባረራሉ። የዚህ ነገር ዋና አቀንቃኝ ከነበሩት አንዱ በባቡር ሐዲድ የከበረው ሚስተር ፔንሮዝ ነው። ከእኛ ሰው ጋር ሲገናኝ አፉን ከልክ በላይ እየከፈተና እየዘጋ ነው የሚናገረው። ተማሪዎቹ የምልክት ስም አወጡለት፤ ሁለት ጣት ከአውራ ጣት ጋር ገጠም ለቀቅ፣ ዳክዬ።

ሴቶቹ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳሉ ዳክዬው ለሴቶች የሚሆን ቤት በገንዘቡ እንደሚያሠራ አስታወቀ። ሰገነቱ ውስጥ ስድስቱም ተቃቀፉ። በማግስቱ ዶክተር ዊትኮም ሎቪናን አስጠሯት።

«ልጄ፣ ሐሙስ የኮሌጁን በጀት የሚያጸድቁት የምክር ቤት አባላት ይመጣሉ» አሏት በምልክት። «ሚስተር ፔንሮዝ ያንቺን ድምፅ እንዲሰሙ ይፈልጋል። ትንሽ ንግግር ታደርጊያለሽ፤ ከዚያም ጥያቄ ሲጠይቁሽ ከንፈራቸውን አንብበሽ ትመልሻለሽ።»

«ድምፄ ከቤቱ ጋር ምን አገናኘው?»

«ሰው ያየውን ነው በገንዘቡ የሚረዳው። ለእኅቶችሽ ስትይ።»

ሎቪና እሺ አለች። ለእኅቶቿ ከሆነ ምን ቸገራት።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ፔንሮዝ በዶክተሩ ቤት ሻይ ተጋበዘ። ከኢንዲያና የመጣ አቶ ብራምሌት የሚባል ሽማግሌ የምክር ቤት አባል አብሮት ነበር። ሎቪናን አቀረቧት። ፔንሮዝ እጇን ጨብጦ «እን-ደ-ምን-ነሽ» አላት፤ የኋላ ጥርሱ ሁሉ ታየ። ደህና ነኝ ስትለው የሚያስተምረው ውሻ ኳስ እንዳመጣለት ሰው ፊቱ በራ። ከዚያ ረሳትና ከሽማግሌው ጋር ወደ መስኮቱ ሄደ።

እሷ ከክፍሉ ወዲህኛው ዳር ሲኒ ይዛ ቆማለች። ፔንሮዝ ወደ ብራምሌት ጠጋ አለና አንገቱን ዘንበል አደረገ፤ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ አልቀረም። ድምፅ ዝቅ ቢል ከፍ ቢል ለሎቪና ያው ነው። ፊቱ ወደ እሷ ነበር፣ ብርሃኑም ደህና ነበር።

«ሐሙስ ይቺን ካዩ ሌላ ማስረጃ አይጠይቁም» አለ ፔንሮዝ። «ከመጪው ዓመት ጀምሮ መናገር የሚችል ብቻ ነው የሚገባው። እጃቸውን የሚያወራጩት ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ያቺ ጀርመናዊቷ ለምሳሌ፤ መርፌና ክር ይበቃታል። ድምፅ የሌላቸው መምህራንም አብረው ይወጣሉ።»

ብራምሌት ጀርባውን ስለሰጣት የተናገረውን አላየችም። የፔንሮዝን መልስ ግን አየች።

«ዊትኮም? ቤቱ ሲሠራ ያውቃል።»

ሲኒው ከእጇ አልወደቀም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ ለወይዘሮ ዊትኮም ጎንበስ ብላ አመሰገነች፣ በጓሮ በር ወጣች።

ኦጉስታ ጓሮ ልብስ ታሰጣ ነበር። ሎቪና አንሶላውን ገልጣ ገባችና ያነበበችውን አንድም ሳትቀንስ ነገረቻት። ኦጉስታ ማስጫ መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣች።

«ለዶክተሩ ንገሪያቸው።»

«ቢያምኑኝስ ምን ያደርጋሉ? ቤቱን ይፈልጉታል።»

«አንቺስ? አንቺ ምን ልታደርጊ ነው?»

«አላውቅም።»

«አታውቂም።» ኦጉስታ ምልክቱን ግንባሯ ላይ እንደ ጥፊ አሳረፈችው። «ልጅ ሆነን አንቺ ስትናገሪ እኔ ከኋላ እቆም ነበር። እንዳልንቀሳቀስ እጄን በቀሚሴ ውስጥ ያስይዙኛል። ሰዎቹ አንቺን አይተው ሲያለቅሱ እኔ ፊታቸውን አያለሁ። አንድም ቀን እኔን አይተው አያውቁም። አንቺ ብርቱካንሽን ታካፍይኛለሽ፣ እኔም እበላለሁ። አሁንም ልታካፍይኝ ነው የመጣሽው?»

«ጉስቲ፣ እኔ ነኝ እንዴ ያቆምኩሽ?»

«አይደለሽም። ግን አንድም ቀን አልናገርም አላልሽም።»

አንዱ የአንሶላ ጫፍ ከገመዱ ተላቆ ጭቃ ላይ ወደቀ። ሁለቱም አላነሡትም።

ያን ቀን ሎቪና ወደ ዶክተሩ ቢሮ ገባችና ነገረቻቸው። ዶክተር ዊትኮም ግንባራቸውን አሻሹ።

«ሰው ሻይ ሲጠጣ ብዙ ያወራል። ደግሞ ከንፈር ማንበብ ያሳስታል፣ ልጄ። አንዱ ቃል ካንዱ ይመሳሰላል።»

«ሐሙስ ግን አያሳስትም ብለን ልናሳያቸው አይደል?»

ዶክተሩ መስኮት መስኮቱን አዩ። ለእኛ ሰው ፊቱን ያዞረ ሰው በር የዘጋ ማለት ነው። ቆይተው ሲመለሱ «ቤቱ ያስፈልገናል» ብቻ አሉ።

ሐሙስ አዳራሹ ሞላ። ከፊት የምክር ቤት አባላትና ባለቤቶቻቸው፣ መካከል ላይ መምህራን፣ ከኋላ ተማሪዎች። ዶክተር ዊትኮም ለሚሰሙት በአፋቸው፣ ለማይሰሙት በእጃቸው እንግዶቹን አስተዋወቁ። ፔንሮዝ እጆቹን ሆዱ ላይ አጣጥፎ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ኦጉስታ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ከትናንት በስቲያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

ሎቪና ወደ መድረኩ ወጣች። አፏን ከፈተች፤ የፔንሮዝ ከንፈርም አብሮ ተከፈተ።

«ክቡራን» አለች በድምጿ። «የምናገረው በራሴ ቋንቋ ነው። ዶክተር ዊትኮም ለእናንተ ያስተረጉሙላችኋል።»

አፏን ዘጋች፣ እጇን አነሣች።

ዶክተሩ ደነገጡ። ግን ሰው ሁሉ ያያቸዋል፤ ምን ያድርጉ። ከመድረኩ ዳር ቆመው ማስተርጎም ጀመሩ።

ሎቪና ጀመረች። ድምፄን አላፍርበትም አለች፤ አባቴን አነጋግርበታለሁ። ግን ድምፄ የትኩሳት ትራፊ እንጂ የማንም ትምህርት ውጤት አይደለም። የግሪክ ቋንቋ የተማርኩት፣ ስለ ከዋክብት ያወቅሁት፣ መቀለድ የቻልኩት በእጄ ነው። ዶክተሩ አንድ በአንድ ተረጎሙ፤ እንዲያውም ሞቃቸው። ቀጥላም እንዲህ አለች፤

«ማክሰኞ በሻይ ሰዓት ሚስተር ፔንሮዝ ከመጪው ዓመት ጀምሮ የሚናገር ብቻ ይገባል፣ ሌሎቹ ወደየቤታቸው ይመለሱ፣ መርፌና ክር ይበቃቸዋል ሲል አይቻለሁ።»

የዶክተሩ ከንፈር ቆመ። ከዚያ ተንቀሳቀሰ። «ስለ ኮሌጁ የወደፊት ሁኔታ አንዳንድ ሐሳቦች እንዳሉ ትናገራለች» አሉ።

ሎቪና እጇን አወረደች። ወደ እሳቸው ዞረችና ራሷን ነቀነቀች።

«እንደሱ አላልኩም» አለች በድምጿ። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማ ሰው ሁሉ ሰማ።

እንደገና እጇን አነሣችና ያንኑ ደገመችው፤ ለሕፃን እንደሚያስረዱት ቀስ አድርጋ። ስትጨርስ ዶክተሩን እያየች ጠበቀች። ከኋላ ወንበሮች በኩል ወለሉ ትንሽ ትንሽ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማርከስ ዴል ነበር፤ በአንድ እግሩ ተረከዝ። ቀጥሎ ጎረቤቱ። ቀጥሎ መላው ረድፍ። ሎቪና በጫማዋ በኩል እስከ ጉልበቷ ድረስ ተሰማት።

ዶክተር ዊትኮም ፊታቸው ቀላ። ከዚያ በገዛ አፋቸው፣ አንድም ቃል ሳያስቀሩ ተናገሩት። መርፌና ክሩንም ጭምር።

ፔንሮዝ ተነሣ። «ይህ ያልተባለ ነገር ነው» አለ፤ ይህን ጊዜ ግን አፉን ሳይለጥጥ። «ልጅቷ ተሳስታ ነው ያነበበችው። ከንፈር ሁልጊዜ በትክክል አይነበብም።»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ሊያስመሰክር የመጣውን ነገር ራሱ እንዳፈረሰው ገባው። ከጎኑ ያለው ሽማግሌ ብራምሌት ጢሙን እያሻሸ፣

«የኔ ጆሮ ግን ደህና ነው» አለ። «እኔ የሰማሁትን ነው ያነበበችው።»

አንዲት እንግዳ ሴትዮ ሳቋን ለመግታት ፊቷን በማራገቢያዋ ከደነች። ፔንሮዝ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። በወለሉ ድብደባ የመስኮቱ መስታወት ሲርገበገብ ሎቪና አየችው። ከድብደባው መሐል ኦጉስታ ከግድግዳው ተላቀቀች። ማንም ሳይጠራት መድረክ ላይ ወጥታ፣ ከሎቪና ኋላ ሳይሆን ጎን ቆማ፣ ለምክር ቤቱ ሰዎች፣

«ስሜ ኦጉስታ ሬም ነው። የትም አልሄድም» አለች።

ዶክተሩ ተረጎሙት። ማንም ሳይጠይቃቸው።

ቤቱ አልተሠራም። ፔንሮዝ ገንዘቡን ለሌላ ትምህርት ቤት ሰጠ። ሴቶቹም ተመርቀው እስኪወጡ ድረስ ሰገነቱ ላይ እንዳጎነበሱ ኖሩ። ከስድስቱ አንዷ፣ ረዥሟ፣ ጣሪያው ራሷን በመታት ቁጥር ሎቪናን በክፉ ዓይን ታያት ነበር። የሚናገር ብቻ ይግባ የሚለው ሕግ ግን ሳይወጣ ቀረ፤ የምልክት መምህራኑም ከቦታቸው አልተነሡም።

ወይዘሮ ግሪሊ «ይቺ ልጅ ካልተባረረች እኔ እሄዳለሁ» አለች። ዶክተሩ ሎቪናን ጠርተው ሚስተር ፔንሮዝን ይቅርታ እንድትጠይቅ አዘዟት።

«ውሸት የሆነው የትኛው ቃል ነው? እሱን ያሳዩኝና ይቅርታ እጠይቅበታለሁ።»

«በሰው ፊት አዋረድሽኝ፣ ልጄ።»

«በእርስዎ ላይ ለደረሰው አዝኛለሁ። እርስዎን ይቅርታ እጠይቃለሁ። እሱን አልጠይቅም።»

ዶክተሩ አላባረሯትም፤ እስክትመረቅ ድረስ ግን መድረክ ላይ እንዳትወጣ ከለከሏት። ወይዘሮ ግሪሊም አልሄደችም።

የክርክር ማኅበሩ ለሎቪና ብቻ በሩን እንደከፈተ ማርከስ ዴል መጥቶ ነገራት። ክብር የሰጣት መስሎት ነበር።

«ስድስታችንም እንገባለን?»

«ለጊዜው አንቺ ብቻ።»

«እንግዲያው በሩን ዝጉት፤ ብርድ እንዳይገባባችሁ።»

ሴቶቹ የራሳቸውን ማኅበር ሰገነቱ ላይ መሠረቱ። በመጀመሪያው ስብሰባ የተከራከሩት ሎቪና ያን ቀን ትክክል ነበረች ወይስ አልነበረችም በሚል ነው። «አልነበረችም» ብላ የቆመችው ረዥሟ ልጅ ናት። በሦስት ለሁለት አሸነፈች፤ ሎቪና ድምፅ አልሰጠችም። ኦጉስታ በውጤቱ ተናዳ እራት አልበላችም።

ከተመረቁ በኋላ ኦጉስታ ኔብራስካ ውስጥ መስማት በተሳናቸው ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተማሪ ሆነች፤ ሎቪናም ተከትላት እዚያው ገባች። ጥቂት ዓመት በሰላም ሠሩ። ከዚያ ነፋሱ እዚያም ደረሰ። አዲሱ ዳይሬክተር ኦጉስታን አሰናበተ፤ ሎቪናን ግን ቢሮው አስጠርቶ፣ ድምፅ ስላላት የንግግር መምህርት ሊያደርጋት እንደሚፈልግ፣ ደመወዟም ከፍ እንደሚል ነገራት።

«ድምፄን አይደል የፈለግኸው?» አለችው በድምጿ።

«አዎ።»

«እንግዲያው ስማው። እሄዳለሁ።»

በዚያው ሳምንት ሁለቱ ከከተማው ዳር የተዘጋ የፈረስ መኖ መደብር ተከራዩ። ገለባውን ጠረጉ፣ አይጦቹን አባረሩ፣ ግድግዳውን ነጭ ቀቡት። በሩ ላይ የሰቀሉት ሰሌዳ «የሬምና የሃስኬል ትምህርት ቤት» ይል ነበር። ትምህርቱ በተከፈተበት ሰኞ ጥዋት አንድ ገበሬ ሴት ልጁን በጋሪ ይዞ መጣ። ልጅቷ በአፍ ብቻ ከሚያስተምር ትምህርት ቤት ነው የወጣችው፤ እጇን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ነበር የገባችው። ኦጉስታ ፊቷ ተንበረከከችና ስሟን ጠየቀቻት። ልጅቷ አባቷን አየች፣ በሩን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ እጇን አወጣች።